ዝገት ቀቢ

ቀን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ዝገት እደብቃለሁ፤
ስቱኮ እለቀልቃለሁ፣
በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አለሰልሳለሁ፤
የባጃጅ ግንባር፣ የአይሱዙ ጎን፣ የሚኒባስ በር፣
ገዢ ፊቱን አይቶ ፀጉሩን እስኪያበጥር።

ማታ ግን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲረግብ፣
ቦርከና ማዶ፣ ባንድ ክፍል ቤቴ፣
አምፖሉን ዝቅ አርጌ
ዝገት እሠራለሁ። ይኸው ነው ሀብቴ።

ስንዝር ከሁለት ጣት፤ ታንክ ናት፣ ቲ ሃምሳ አምስት፣
ከእውነተኛዋ ላይ ተቀንሳ ተቀንሳ፣ አንድ ለሠላሳ አምስት።
የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው ያመጣት፣
ሳጥኗ ተቀዶ፣ አንድ ጎማ ጎድሏት፤
ከእስክሪብቶ ክዳን ቆርጬ ተካሁላት።

መጀመሪያ ጥቁር። ከሥሩ ያልጠቆረ
ጥላ አያወጣም፤ ይኼ የተሞከረ።
ከዚያ አረንጓዴ፤ ከጣሳው እንደወጣ ግን አይሆንም፤
ፀሐይ ያልላሰው ቀለም አፉን አይፈታም።
ቢጫ ጠብ፣ ነጭ ጠብ፣
ያደረ የጫት ቅጠል እስኪመስል፣ በቀስታ።
ቡናማውን ደግሞ በነጭ ጋዝ አቅጥኜ፣ በመርፌ ጫፍ ጠብታ፣
በየብሎኑ ሥር፣ በየብየዳው ስፌት፤
እሱ እንደ ሐሜት ነው፤
ስንጥቅ ካገኘ መንገድ አያሳዩት።

ስፖንጅ ቀድጄ፣ ነክሬ፣ ጨርቅ ላይ አድርቄ፣
ማዕዘን ማዕዘኗን መታ መታ፣ በጥንቃቄ፤
እጅ ከበዛ ፈንጣጣ ነው፣
ካነሰ ደግሞ ኩፍኝ።

አቧራ ከሐረጎ አመጣሁ፣ ከጠመዝማዛው ዳር፣
በሉባባ ስቶኪንግ ነፋሁት ሦስት ዙር፤
እምቢ አለ። ለዚች ታንክ ብናኝ ራሱ ቋጥኝ ነው፤
"ኮረት የጫነች ገልባጭ" ነው ያያት ሰው የሚለው።
ተውኩት። የኩራዝ ጥላሸት፣ የጡብ ስባሪ ወቀጥኩ በሙቀጫ፤
ሉባባ ሰማችኝ፦ "ነገ ወጡ ጡብ ጡብ ቢል
አንተ ነህ የምትበላው፣ ያላንዳች ግልምጫ!"

ጭቃው ላይ ሳምንት ቆየሁ፤ የክረምት ነው የበጋ?
የክረምቱ ጠቁሮ ሰንሰለት ያንቃል፤
የበጋው ነጥቶ ይረግፋል ሲነጋ።
የመስከረም አደረግሁት፣ ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ አመድ።

ሃምሳ አለቃ እብሬ፣ ዘብ ነው ጋራዡ በር፣
ብቅ አለ አንድ ማታ፣ ባትሪ ድንጋይ ሊበደር።
ጠረጴዛው ጋ ቆመ።
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤
እኔም ጠበቅሁ፣ ጆሮዬ ሙገሳ ፈለገ።
"ዋሽተሃል" አለኝ።

"እዚህ ጋ አይዝግም፤" በጥፍሩ ጫፍ ነካ
የሾፌሩን ቀዳዳ ጠርዝ። "ስንወጣ ስንገባ የምንይዘው ነበር፤ ለካ
አታውቅም። እጅ የለመደው ብረት ያበራል እንጂ አይዝግም።
እዚህ ጋ ጫማ ነው የበላው፤ ቀለም ከዓመት አያልፍም።
እዚህ፣ ጭስ ማውጫው ላይ፣ ሸሚዙን ያሰጣ ነበር ተኳሹ፤
አንድ ቀን በርትቶ ሲግል ቀለጡ ቁልፎቹ፤
ሦስት ክብ ጠባሳ፣ ነጫጭ። ፍቀን ፍቀን አቃተን።"

"ማን ነበር ስሙ?" አልኩት።

"ባትሪውን ስጠኝ፤ ዜና ሊያመልጠኝ ነው።"

ሲሄድ እርሳስ ቀረጽኩ በምላጭ፤ ዱቄቱን በአውራ ጣቴ
ከቀዳዳው ከንፈር አሸሁ፣ እስኪያበራ፣ እስኪዝል አጥንቴ።
ሳላስበው፣ አንዲት አውራ ጣት
መውጫውን ሙሉ ደፍናለች።
ቶሎ አነሳሁ።

ሦስቱን ክብ በአንድ ዘለላ ፀጉር ጫፍ ጣልኩ፤
ለዓይን አይታዩም። ለማንም አላወራሁ።

ጠዋት ሚኒባስ መጣ። በእጀታው ዙሪያ
ቀለም አልቆ ብረቱ ያበራል፣ የረዳት መዳፍ ማረፊያ።
"አዲስ አስመስልልኝ" አለ ባለቤቱ።
ስቱኮ በጠበጥኩ። እንጀራ ነው፤ ቀባሁት፤
እጄን ግን ከዚያ በፊት አሳረፍኩበት፣ ለቅጽበት።

እብሬ ጠዋት ጠዋት የጋራዡን በር ሲከፍት
"ደረቀች?" ይለኛል።
"ገና ናት" እለዋለሁ፤
ከደረቀች እኮ ሦስት ወር ሆኗት።