የቀብሬን ግማሽ

የቅሬያችን መዝገብ፣ ጀርባው የተሰፋ፣
ዳር ዳሩ በዘይት በዝናብ የጠፋ፣
ሃያ አንድ ዓመት ጻፍኩት፣ እጄ ያውቃል መልኩን፤
በግራ የሟቹን ስም፣ በቀኝ የብር ልኩን።
ለከፈን፣ ለሳጥን፣ ለድንኳን፣ ለንፍሮ፣
ለሰይድም ለተሰማም እኩል ተቆጥሮ።
የገንዘቡ ካዝና ሦስት ቁልፍ አለበት፣
ሦስቱም አይዞሩ፣ ጥሩምባ ካልጮኸበት።

የነሐሴ እሁድ፣ ከአይጠየፍ በላይ፣
ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ደሴ ሳትታይ፣
ስብሰባ ተቀምጠን፣ የቀረ ተቀጥቶ፣
ብረት ድስት ያልመለሰ በስሙ ተጠርቶ፣
«ሌላ ጉዳይ ካለ?» ሲባል፣ ከወደ ኋላ
ጦይባ ተነሣች፣ ፌስታል አንጠልጥላ።

ጦይባን ማን ያጣታል? የፔንሲዮን አንሶላ ስታጥብ የኖረች፣
ብታጣ ተበድራ የወር መዋጮዋን አንዴ ያላሳደረች።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፦
አምስት ባዶ ብልቃጥ፣
አራት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ማዘዣ፣
ፎቶዋ የወየበ የጤና መድን ደብተር።

«መድኑን ከፍያለሁ፣ ይኸው ማኅተሙ።
ተራዬም ደርሶኛል፣ አይቶኛል ሐኪሙ።
ሰው አልበደለኝም።
መድኃኒት ክፍል ግን ያቺ ትንሽ መስኮት
‹የለም› ነው መልሷ። ‹ከውጭ ግዢው› ነው።
ባለፈውም የለም። ከዚያ በፊትም የለም።
ከውጭ ስጠይቅ፣ የአንዷ ብልቃጥ ዋጋ
የአሥራ ስምንት አንሶላ እጥበት ነው።
እኔም መርፌውን ከፈልኩት፣ ግማሹን ለዛሬ፣ ግማሹን ለነገ።
አሁን እግሬን ሳፍፌው ውስጥ ስነክረው
ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ
እጄን ካላስገባሁ አላውቅም።»

ዝም አልን።

«ስሞት የምታወጡልኝ ስንት ነው?» አለችኝ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ገልጬ ነገርኳት።
«እንግዲያው ግማሹን አሁን ስጡኝ።
ድንኳኑ ይቅርብኝ፤ ፀሐይ ቢመታችሁ የአንድ ቀን ነው።
ንፍሮውም ይቅር።
ከፈኔን እንደሆነ ራሴ አጥቤ አስቀምጫለሁ።
ስንቀበር አንድ ላይ፣ ስንታመም ለየብቻ፣
ይኼን ማን ደነገገው?»

«ደንቡ አይፈቅድም» አሉ ጋሽ ደርበው፣
መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ማንንም ሳያዩ።
ገንዘብ ያዡ፦ «ለሷ ከሰጠን ነገ ሁሉም ይጠይቃል።»
ሐጂ ኑርዬ ከዘራቸውን መሬት ላይ አዙረው፣
«ይጠይቃላ» አሉ። «ሁሉም ይታመም የለ?»

እነሱ ሲከራከሩ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ።
አስካለ፦ ግፊት፤ ክኒኗ ካለቀ በሦስተኛው ሳምንት።
የሙሄ ምራት፦ ምጥ፤ የመኪና ብር ሲለቀም ነጋ።
ጌጤ፦ ራጅ ተነሺ ተብላ «ደሞዝ ሲወጣ» ያለች።
መዝገቡ ይኼን አይልም፣ ብሩን ብቻ ነው የሚል፤
እኔ ግን ጎረቤት ነኝ።

ስንቱን ቀብረነዋል፣ አልቅሰን፣ አክብረን፣
በቀበርንበት ብር ማዳን እየቻልን።

ካዝናው አልተከፈተም። «ኮሚቴ ያጥናው» ተባለ።
ግን አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣
ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ድስት ያልመለሰው ሰውዬ።
ተቆጠረ፤ ለሦስት ብልቃጥ በቃ፣ አራተኛዋ ጎደለች።
የት ልጻፈው? ሌላ ዓምድ የለኝም።
በግራ ስሟን አሰፈርኩ፣ በቀኝ ብሩን።
«ያረፈችበት ቀን» ከሚለው ሥር ስደርስ
እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ሰኞ መስኮቷ ጋ አብሬያት ቆምኩ።
«የለም።»
ከኪሴ አዲስ ደብተር አወጣሁ፤
ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ «የለም» ያለበትን ሰዓት ጻፍኩ።
ከኋላችን የተሰለፈው ሰውዬ፣ ጋቢው የዝናብ፣
«ምንድነው የምትጽፈው?» አለኝ።
ሳልመልስለት
የራሱን ማዘዣ ዘረጋልኝ።