ቆጣሪና ቋጣሪ

ላ ኮሩኛ ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ቢሮ አለኝ ጠባብ፣ መስኮቱ ግንብ እንጂ ባሕር የማያሳይ።
ሥራ ያጣ ሁሉ፣ የተራ ወረቀት ይዞ፣ ኮሪደሩ ላይ ይደረደራል፤
«ምን ትችላለህ?» ስለው፣ የማይችለውን አስቀድሞ ይዘረዝራል።
ካሳለፍነው በጋ ወዲህ ግን የብዙዎች አንድ ሆኗል ቃሉ፤
«ቁጥር የሌለበት ሥራ ካለ ስጠን» እያሉ ይመጣሉ።

ብራይስ የሚባል ጎረምሳ፣ መቶኛ ሲሰማ ጆሮው የሚቀላ፣
«አትክልት ቦታ ሂድ» አልኩት፤ «አፈርና ቅጠል አይጠይቅም ሌላ።»
በሳምንቱ መጣ፣ ጥፍሩ ጭቃ እንዳለ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፤
ቀኑን ሙሉ ውሏል የደረቀ ችግኝ ከለመለመው ለይቶ ቆጥሮ።
ሳቤላን ሽቶ ቤት ላክኋት፤ «ጠብታው በስፍር ነው» ብላ ተመለሰች፤
ሚሊ ሊትር የሚለው ቃል ገና ሲጠራ፣ እፊቴ አስነጠሰች።

ኡሺያ በዝናብ መጣች (ጋሊሲያ ሌላ ምን አላት?)፣ የራሰ ጃንጥላዋን ከግድግዳ አስደገፈች።
«ኢንሹራንስ ቤት ነበርኩ፣ አምስት ዓመት» አለች፤ «ስድስት?» ጣቷን አጠፈች።
«የሰው ቤት ሲቃጠል፣ አባወራው ሲሞት፣ ወረቀቱ ይመጣል ለእኔ፤
ስንት ያወጣል እንጂ፣ ማን አለቀሰበት የሚል ሳጥን የለም፤ ፈልጎ አጣው ዓይኔ።
አንድ ቀን በስህተት ዜሮ ጨመርኩና፣ አንዲት ባልቴት ለሳምንት ሀብታም ሆና ዋለች፤
ሲነጥቋት አየሁ። አላለቀሰችም። ‹እኔም ቁጥር ስቼ አውቃለሁ፣ ልጄ› አለች።
ከዚያ ወዲህ አኃዝ በጎኔ ሲያልፍ እንኳ ዓይኔ ይጨልማል፤
አሳንሰር ውስጥ ስገባ፣ የቱን ልጫን ብዬ፣ ጣቴ ይታመማል።»

መዝገብ አገላበጥኩ። መጋረጃ ሰፊ? ሜትር አለው። ነርስ? የደም ግፊት አለ።
ጸሐፊ ላድርግሽ? ገጽ አለ፣ ቀን አለ።
እግዜር የፈጠረው ሁሉ ቁጥር አዝሏል እንዴ? ብዬ አፌ ዝም አለ።

ይሄኔ እጇን አየሁ። እያወራችኝ፣ የጃንጥላውን ማሰሪያ ገመድ
ትፈታለች፣ ትቋጥራለች፤ ትፈታለች፣ ትቋጥራለች፤ ሳታየው፣ እንደ ልማድ።
«ማን አስተማረሽ?» «አክስቴ፣ ማልፒካ። መረብ ጠጋኝ ናት ለዓሣ አጥማጆች።»
ስልኩን አነሳሁ። እዚያ ወደብ ላይ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ የቀሩት ጥቂት፣ ያረጁ እጆች።

በመስከረም ሄድኩ፣ ላያት። ጀልባው ሁሉ ገብቶ፣ አረንጓዴው መረብ መሬት ተዘርግቶ፣
መሐሉ ተቀምጣ አገኘኋት፣ አንዱ ጫፍ ከእግሯ አውራ ጣት ገብቶ።
መርፌዋ ጠልቆ ይወጣል፣ ያመለጠ ዓሣ ይመስል፤
ሴቶቹ ሐሜት ይዘዋል፤ ስለ ማን ባላውቅም፣ ሳቃቸው ደስ ሲል!
«ዓይኑ ስንት ይሆናል፣ የዚህ ሁሉ መረብ?» አልኳት፣ ልማድ ሆኖብኝ ክፉ።
ቀና ብላ አየችኝ። «ዶን ታቦዳ፣» አለች፣ እጆቿ ሳያርፉ፣
«እናንተ ቁጠሩ።
እኔ እቋጥራለሁ።
ቀዳዳው ሲያልቅ ነው ሥራዬ የሚያልቀው፤ እሱን በጣቴ አውቃለሁ።»

የሚከፈላት ትንሽ ነው፤ አልዋሽም። ክረምቱ ብርድ አለው፣ ጨውም ጣት ይልጣል።
ሂሳቧን የምትይዝላት አክስቷ ናት፤ በጭቅጭቃቸው ወደቡ ይናጣል።

ቢሮዬ ተመልሼ፣ የወሩን ሪፖርት ልሞላ ተቀመጥኩ፤
«ሥራ ያገኙ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ «ኡሺያ» ብዬ ጻፍኩ።
ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «ቁጥር ብቻ ያስገቡ።»
እንደገና ጻፍኩ፦ «ኡሺያ፣ ከነመረቡ።»
እንደገና ቀላ።

በመጨረሻ 1 አልኩ። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች፤ የእንጨት መርፌ መሰለችኝ፤ ክር ግን የላትም።
ብራይስ በሩ ላይ ቆሟል፣ «ተራዬ ነው?» ይላል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞታል፤
61 ይሁን 19 እሱም አላወቀም፣
እኔም አልጠየቅኩትም።