የሸራው ጀርባ

በፊደል ነው የምከፈል፤ ስም ሲረዝም ደስ ይለኛል፤
ማዕረግ ሲጨመርበት የልጆቼን ደብተር ይገዛልኛል።

ጣና ዳር፣ ከዘንባባው ጥላ፣ ሙዚየሙ ሲያልቅ ተጠራሁ፤
«ጣሪያው በአቶ ይስማው፣ መብራቱ በአቶ ይስማው»
እያልኩ ግድግዳ ሞላሁ።
ለምረቃውም ሰፊ ሸራ ከበሩ በላይ ተወጠረ፤
ስማቸው በነሐስ ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል ሰፈረ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሹፌራቸው ቢያድጌ መጣ፤
ያንኑ ሸራ ጠቅልሎ ከመኪናው ሆድ አወጣ።
«ጀርባው ንጹሕ ነው» አለኝ፤ «የምርጫ ሰሞን ነው፣ ጻፍበት፤
ዶክተር አንለይን ምረጡ በል፤ ታንኳ ምልክቱን አክልበት።»
(ባለጠጋ መቼም ቆጣቢ ነው።)
ጻፍኩ። በዚያው ነሐስ፣ ከዚያው ጣሳ፣ በዚያው ብሩሽ።
«ደረሰኙስ በማን ይሁን?» ብዬ ጠየቅሁት ሲመሽ።
«በሙዚየሙ ስም ቁረጠው» አለ፣ ምንም ሳይሽኮረመም፤
«ለሥነ ጥበብ ድጋፍ በለው። ያው ቀለም አይደል፣ ቀለም?»

ስለት ነው ሲባል በምረቃው፣ ከሰው ጋር አሜን አልኩኝ፤
ደረሰኙን ስቆርጥ ነው ስለትነቱ የገባኝ።

ልጅ ሳለሁ ዘጌ ገዳም መሪጌታ ጎሹ ወስደው
አሳይተውኛል፦ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ስንዝር የማይሞላ ሰው፣
በደረቱ ተዘርግቶ። «ይህ ነው» አሉኝ፣ «ያሣለው።»
ወርቁን የሰጠ መኮንን ነው፤ እሱም በከንቱ አልሰጠም፤
ለነፍሱ ይሁን ለግብሩ፣ ሳይፈልግ እጁን አልፈታም።
ግን ቢያንስ ተኝቷል።
ቢያንስ ከታች ነው፤ ቢያንስ ትንሽ ነው።
የዛሬውን ለማንበብ ግን አንገት ሰብሮ ማንጋጠጥ ነው።

ዶክተሩ ተመረጠ። የደንገሉ ዳርቻ ለሎጅ ታጠረ።
ያን ዳርቻ የሣለችው የየትምወርቅ ሥዕልም ከአዳራሹ ተሰወረ፤
ምድር ቤት ነው አሉ፣ «እርጥበት እንዳይነካው ነው»፤
ምድር ቤቱ ግን ጫማ የሚያበሰብስ ነው።

ሸራውስ? ነፋስ ገነጠለው። ዓሣ ጠባሿ አስረበብ
አንስታ ለዳሷ ጣሪያ አረገችው፤ ዝናብም ፀሐይም ይከልላል፣ ግድ የለም፣ በደንብ።
ትናንት ከሥሩ ተቀምጬ ቆሮሶ ስበላ፣ ፀሐይ ወጣች ከላዩ፤
የፊቱም የጀርባውም ጽሕፈት ተደራርበው ታዩ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል።
ፊደሉን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤
የቱ የማን እንደሆነ ግን፣ አልለይ አለኝ።