ገመድ ያዡ

ምጽዋ ነው የጎለመስሁ፣ ጨው የበላኝ ጠላቂ ነኝ፤
መርከብ ሥር ውዬ ያመሸሁ፣ ዓሣ እንኳ በስም የሚያውቀኝ።
ጡረታ ወጥቼ ስመጣ፣ ጣና ለኔ ኩሬ ነበር፤
ወተት የበዛበት ሻይ፣ ከሥሩ ጭቃ፣ ምን ይነገር?

ሁለት ጀማሪ ሰጡኝ። ስድስት ጠለቃ ነው ዕድሜያቸው፤
ውኃ ገብተው ሲወጡ፣ ጆሯቸውን ነው የሚያማቸው።
ውዳላት፣ ከገቢዎች፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሳንቲም ቆጣሪ፣
ያለ ደረሰኝ እናቷንም የማታምን ተጠራጣሪ።
ላቃቸው፣ ባጃጅ ነጂ፣ አፉ እንደ ጥሩምባው፤
መንገድ ሲዘጋ የሚጮኽ፣ ሲከፈትም የማይበቃው።

ለጀልባ ነጂው ለአስናቁ እንዲህ አልሁት አንድ ማታ፦
«ከነዚህስ እምቦጭ ይሻላል፤ እሱስ ይንሳፈፋል በጸጥታ።»

ማክሰኞ። ነፋስ ሳይነሣ። ከደብረ ማርያም ወዲህ፣
የአስጋሪዎች ሞተር ሰጥሞ፣ «አውጣልን በል እንግዲህ።»
ሥርዓቱን ያስተማርሁ እኔ፣ ሥርዓቱን ዘለልሁት፤
የአየሩን ልክ ሳላይ፣ ቢላዬን ቤት ረሳሁት።
ውዳላት ግን ቆጠረች፦ ማሰሪያ፣ አየር፣ ቢላ፣ መብራት፤
ሣጥን እንደሚዘጋ ሰው፣ እንደ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት።
«ጋሼ፣ የርስዎስ ቢላ?» አለች። ሳቅሁባት።
ያንኑ ሳቅ እንደነከስሁ፣ ወደ ጨለማው ቀደምኋት።

ላቃቸው ላይ ቀረ። የገመዱ ጫፍ በሱ እጅ፣ ሌላው በውዳላት ወገብ።
«አንዴ ከተሳበ ደህና፤ ሁለቴ፣ ገመድ ጨምር፤
ሦስቴ፣ ቀስ ብለህ አውጣን። ንቅንቅ አትበል፣ ሰማይ ቢዞር።»

በአምስት ሜትር ቀኑ ሞተ። በዘጠኝ እጄ ጠፋኝ።
ሞተሩን በእግሬ ስፈልግ፣ አንድ ነገር ያዘኝ።
ክር።
የተጣለ መረብ ነው፤ እንደ ሽበት ፀጉር የሳሳ፣
የጣለው ሰው ቢረሳውም፣ እሱ ማጥመድ ያልረሳ።
ተወራጨሁ። አዎን፣ እኔ! ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ፣
«አትወራጩ» ያልሁ ሰው፣ እንደ አምባዛ ተንደፈደፍሁ።
በተወራጨሁ ቁጥር ጭቃው ተነሣ፣ ክሩ ጠበቀ፤
ሳልለካው የወረድሁበት አየር፣ ቀጠነ... ቀጠነና አለቀ።

ያኔ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ያዘኝ እንጂ አልጎተተኝ፤
ትርፍ መተንፈሻዋን ፈልጋ፣ ጥርሴ መሐል አስነከሰችኝ።
ተቆጥቶ እንደመጣ ባለጉዳይ፣
ትከሻዬን ጫን አርጋ፣ ጭቃው ላይ አስቀመጠችኝ።
ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። አንድ ክር። ቆም። ሌላ ክር።
ጭቃው እስኪተኛ ጠበቀች፣ ከትንፋሼ ጋር ስትማከር።
ሳንቲም የለመደ ጣት፣ በዚያ ጽልመት፣ በመዳበስ፣
አንዲት ሳያጎድል ፈታኝ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ራስ።

ላይስ? አስናቁ ነገረኝ። ሰዓታችን ካለፈ ወዲያ፣
«ግባ እንጂ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ቢሰድበው «አንተ አህያ!»
ያ ባለ ጥሩምባ አፍ፣ አንዲት ቃል አልመለሰም፤
ገመዱን መዳፉ ላይ ጠምጥሞ፣ እንባው ሲወርድ አላበሰም።
ገመዱ አንዴ ተሳበ። አንዴ ማለት ደህና ነበር፤
ልቡ ሌላ እየነገረው፣ ጣቷን አምኖ ቆመ ግትር።

ሦስቴ ሲሳብ አወጣን፤ ክንድ በክንድ እየለካ፣
እንደ ተማረው፣ ሳይሮጥ፣ ሳንባችን እንዳይነካ።
ብቅ ስንል አንድ ፔሊካን ዓሣ ሲውጥ አየን፤
ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን።

ጀልባው ላይ ማንም አላወራ። ውዳላት ደብተር አወጣች፤
«ጥልቀት፣ ዘጠኝ ተኩል። ቢላ፣ አንድ ጎደሎ» ብላ ጻፈች።
እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ፦ «ይፈርሙ።»
ፈረምሁ። ከስሟ በታች፣ በተማሪ ተራ።
እጄ እርጥብ ነበርና፣ ቀለሙ ተዝረከረከ።

ሞተሩ እዚያው ነው።

ዳር ስንደርስ ነው የላቃቸው አፍ የተፈታ፦
«ጋሼ፣ ቤትዎ ላድርስዎት፤ ኮንትራት ነው፣ እንደ ማታ!»
ሒሳብ ልሰጠው ስል ነው መዳፉን ያየሁት፤
ገመዱ ሄዷል፣
ሰንበሩ አለ።