የሂሳብ ክፍለ ጊዜ

ሰኞ ጠዋት፣ ሐርቡ፣ ሰባተኛ «ለ»፣ ስም ጥሪ፤
«ሉባባ ሙሄ?» ስል ዝም አለ ተማሪ።
ከኋላ ያለ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ደሴ ናት፣ ቲቸር፣ ለፓስፖርት» አለኝ፣ ፊቱን ሸሽጎ።

መዝገቤን ገለጥሁት፦ «ዕድሜ፣ ዐሥራ አራት»፤
በእጄ የጻፍሁት ነው፣ በምዝገባ ዕለት።
የቀበሌው ማኅተም ግን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣
አንዴ ጧ! ሲል ወረቀቱ ላይ
አደረጋት ሃያ አራት።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመርሁ፣ አስደመርሁ፤
«አምስት ጽፈን፣ አንድ በእጃችን» እያልሁ አስተማርሁ፤
እንዲህ ያለ ድምር ግን የትም አልተማርሁ።
ዐሥር ዓመት በአንድ ጀምበር!
ዐሥሩ በማን እጅ ነው?
በደላላው? በሊቀመንበሩ? በአባቷ?
የራሴን እጅ ገልብጬ አየሁት፤
ጠመኔ ብቻ።

አባቷ ማክሰኞ መጡ፣ መልቀቂያ ፍለጋ፣
ማሽላ አገዳ ብቻ ሆኖ በከረመበት በጋ።
«ወንድሟን አስተማርሁ፣» አሉኝ፣ «ሁለት በሬ ሸጬ፤
ዲግሪውን ሰቀልሁት፣ ግድግዳ መርጬ፤
ልጁ ዛሬ የሰው ባጃጅ ይነዳል።
የእርስዎስ ደመወዝ፣ መምህር፣ ከወር ወር ያደርሳል?»
ጫማዬን አዩና፣ አፈሩ። ዝም አሉ።
እኔም…
ይህን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍሁት፦
ፈረምሁ።

ሁለት ዓመት አልፎ ከጅዳ ድምፅ መጣ፣
«ቲቸር፣ እኔ ነኝ» የሚል፣ ከስልኬ የወጣ።
«በጦርነቱ ጊዜ ዴስኩ ማገዶ ሆኖ
ድንጋይ ላይ ስንማር ወገቤን ያመኝ ነበር፤
ትንሽ ብር ልኬያለሁ። ለወንበር።»
አሁን ምኗን እንደሚያማት አልነገረችኝም።
ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በዐረብኛ ጠራቻት፤
ረስታ፣ በአማርኛ፣ «አቤት!» አለች፤
ያን ሰኞ፣ መዝገቤን ይዤ
የጠበቅሁትን «አቤት»።

ሦስት ዴስክ ተገዛ። ክፍሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ሸተተ።
መስከረም ላይ ፊተኛው ዴስክ
ታናሿ አንሻ ተቀመጠችበት፤
እግሯ ወለሉን አይነካም።
መዝገቤን ገለጥሁ፤ ስክሪፕቶዬን ከፈትሁ።
«አንሻ ሙሄ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»
ቀና ብላ አየችኝ፤
መልሱን እንዳትስት ተጠንቅቃ፦
«የትምህርት ቤቱን ነው፣ ቲቸር፣
ወይስ የቀበሌውን?»