ሃያ ስምንት ቀን

ደቻቱን በቀን ግመል ይሻገራል፤
ወንዝ ነው ስትለው እንግዳ ይስቃል።
ማታ ግን፣ ደንገጎ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣
እዚህ ሰማይ ጠርቶ፣ ኮከብ በኮከብ፣
ሳያንኳኳ ይገባል እንደ አበዳሪ ሰው፤
ስንቱን ቤት ከነሰው አሸዋ አለበሰው።

የአዲሱን ድልድይ አንደኛ ምሰሶ የሞላነው በሌሊት ነው።
የድሬ ፀሐይ ኮንክሪት ሳይጎለምስ ታስረጃለች።
በረዶ ከቀፊራ በአይሱዙ አስመጥተን፣
አሸዋውን ሦስቴ አጥበን፣
ውኃውን እንደ ልጅ ሽሮፕ በልክ ሰፍረን።
"አንዲት ጣሳ የጨመረ፣ መጀመሪያ እሱ ይሻገርበታል!"
ፎርማን ዘውገ ይህንን ሲጮህ ነጋ።

የእኔ ሥራ መስበር ነው።
ከየቅልቅሉ ስንዝር የማትሞላ ኩብ እወስዳለሁ፣
ገንዳ ውስጥ አሳድጌ፣
ሰባት ቀን ሲሞላት አንዷን፣
ሃያ ስምንት ሲሞላት እኅቷን
ለማሽኑ አጎርሳለሁ።

ምሰሶውን የሚያጠጣው ሮብሌ ነው።
በሶማሊኛ ዝናብ ያለበት ስም፤
እናቱ በዝናብ ቀን ነው የወለደችው።
ታናሽ እኅቱንም የወሰደበት ዝናብ ነው፣
በዚሁ ወንዝ፣ በአንድ ነሐሴ።
በየሁለት ሰዓቱ ጆንያ አርጥቦ ያለብሰዋል።
"ሲደባለቅ የበዛ ውኃ ያደክመዋል" አልኩት አንድ ቀን፣
"ከቆመ በኋላ ግን ባጠጡት ቁጥር ይጠነክራል።"
አሰበና፣
"እንደኛ አይደለም እንግዲህ" አለኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት መጣ።
መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ድምፁ፣
ጣቢያ እንደማይቆም ባቡር።
ምሰሶው እስከ አንገቱ ሰጠመ። ግንድ መታው።
የባጃጅ ጣሪያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ በር፣
ሁሉም ደረቱን እየነካ አለፈ።
እኛ ዳር ቆመን ባትሪ እናበራለን፤
ምን እንደምንፈልግ ሳናውቅ።
ሮብሌ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት፤
"ዛሬ እረፍቴ ነው" አለ፣ "ራሱ መጥቶ ያጠጣው።"
ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን የማሽኑ መርፌ
ከታሰበለት አልፎ ወጣ፤
ወጣ፤
ኩቧ ጓ ብላ እስክትፈነዳ።
ሮብሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤
"ይቺ ስንት ሰው ትሸከማለች?"
በመዝገቡ ጥግ አሰላሁ።
"ሁለት ሺህ። ከዚያም በላይ።"
"አንዲት ልጅ ጨምሪበት" አለ፣
"ቀላል ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው።"

ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣ።
ሁለተኛው ምሰሶ ገና ሦስት ቀኑ ነበር።