የጎደለች ጠብታ

ኤዲሰን፣ ኒው ጀርሲ፤ ከሌሊቱ ሰባት፣
ወበቁ መስኮቱን ላብ በላብ አርጎት።
ልጃቸው ሹብሃንጊ፣ የሌሊት ነርስ ናት፣
«ኪኒኑን አሥር ላይ፤ ዜናውን እንዳትዘጊባቸው»
ብላኝ ወጣች። እኔ አስታማሚ ነኝ፣ የምከፈል በሰዓት፤
እሳቸው ጋጃናን ቢድካር፣ ሰማንያ አንድ ዓመት፣
ሠላሳ አራቱን በአንድ ጋዜጣ ቤት
የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ያሳለፉት።
ቀይ እርሳሳቸው ዛሬም ከጆሯቸው ኋላ አለች፤
እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ እሷ በሥራ ላይ ነች።

ጋዜጣ የሚደርሳቸው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፣
የማንጎ አቻር ጠርሙስ ተጠቅልሎበት፣
የወር ከአሥር ቀን ዜና፣ ዘይት ዘልቆበት።
ጠርሙሱን ለቤቱ ትተው መጠቅለያውን ያነሣሉ፣
በመዳፍ ያቃኑታል፣ በካውያ ይተኩሳሉ፤
ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ፣ የስኳር ፋብሪካ ምርጫ፣ የሙት ዓመት፣
ሁሉንም በቀይ ያርማሉ። ማን ሊያየው? አላውቅም።
አንድ ቀን ጠየቅኳቸው፤
«ስሕተት ስላረጀ» አሉኝ፣ «ልክ አይሆንም።»

ፊደላቸውን አላነብም። ማየቱን ግን ለመድኩት።
የእኔ ፊደል በእግሩ ቆሞ ነው የሚውል፤
የእሳቸው ከአንድ ገመድ ላይ ይንጠለጠል፣
እንደ ታጠበ ልብስ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ተሰጣ፣
አንዱ እጅጌው ረዝሞ፣ አንዱ ኮሌታው ወጣ።

በዚያች ሌሊት ሦስት ሰው በሦስት ሣጥን ይጮሃል፣
ከሥራቸው ቀይ መቀነት ይሮጣል፣ ይሮጣል።
ሰበር ዜና መሆኑን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ፤
ክሪሽና ወንዝ ሞልቶ ከተማ ገብቷል፣
አንዲት ጎሽ ከጣሪያ ላይ ቆማ ታመነዥካለች፣
ዘጋቢው ውሃ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰጥሟል፣
ማይክሮፎኑን እንደ ሕፃን ወደ ላይ ይዟል።
የማተሚያ ቤቱን በር አወቁት። ጉበኑ ብቻ ቀርቷል።

ተነሡ። ያለ ምርኩዝ። እኔም ደንግጬ ተነሣሁ፤
አሁንስ ያለቅሳሉ ብዬ ሶፍት አነሣሁ።
እሳቸው እርሳሷን መዘው መስታወቱ ላይ ወጡ፣
ቀዩን መቀነት ሊከቡት፣ ሊያርሙት ተቆጡ፤
እርሳስ መስታወት አይጽፍ፣ መቀነት አይቆም፣
ሲደርሱበት ያመልጣል፣ ዞሮ ይመጣል ደግሞም።
«ነጥቧን ረሱ! ከአናቱ ላይ! ሳንግሊ እኮ ነው!
ሳግሊ ብለው ጻፉት! ሳግሊ የሚባል የት ነው?»

ያ ሁሉ ውሃ ወርዶ፣
ድልድይ ውጦ፣ ግንብ ንዶ፣
ከከተማው ስም አናት ላይ
አንዲት ጠብታ ጎደለች።

ስልክ ደወሉ። ሃያ ደቂቃ የማስጠበቂያ ሙዚቃ።
እንቅልፍ ያጣ የልጅ ድምፅ በመጨረሻ አነሣ፤
«አኑስዋር» ሲሉት ሰማሁ፣ ደግመው «አኑስዋር»፣
ለልጅ እንደሚነገር፣ በቀስታ፣ በፍቅር።

አሥር ሰዓት ላይ ኪኒኑን ይዤ ስመለስ
ውሃው አልጎደለም፤
ጎሿም አልወረደችም።
ነጥቧ ግን መጥታለች፣ በቦታዋ ገብታለች፣
ሳንግሊ፣ ሳንግሊ፣ ሳንግሊ እያለች ትሮጣለች።
ያኔ ነው እርሳሷን ከጠረጴዛው አኑረው
የደነገጠ ልጅ ይመስል ያለቀሱት፣
እኔም ሶፍቱ እጄ ላይ ላብ ጠጥቶ ቀርቶ
በቀሚሴ ጫፍ የጠረግኩት።

ሲነጋ ቅጹን ሞላሁ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሣጥን በሣጥን፤
ምግብ፦ ግማሽ። ኪኒን፦ ተወስዷል። እንቅልፍ፦ የለም።
«ልዩ ክስተት» የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ አልሄድ አለኝ፤
ቀይ እርሳሷን ተውሼ
አንዲት ነጥብ አኖርኩበት።